ገዢው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

«ግብፅ ስለታጠቀች፣ ኤርትራ ስለማትታመን፣ ሶማሊያ ከካይሮ ጋር ስለተወዳጀች…» የአፍሪካ ቀንድ አገራት ለምን መሣሪያ እንደሚሸምቱ በተጠየቀ ቁጥር የሚሰጠን መልስ ይኸው ነው። አስመራ ላይ ቢጠየቅ የእኛ ስም በግብፅ ቦታ ይገባል። ሞቃዲሾም እንደዚያው። ሁሉም የሚገዛው ጎረቤቱ ስለገዛ ነው። ጀመርኩት የሚል የለም፣ አቆመዋለሁ የሚልም የለም።

ሥጋቱ ውሸት ነው አልልም። ሰፈራችን ክፉ ሰፈር ነው። ግን ሥጋት ብቻውን የግዢ ውል አይፈርምም። ሥጋት ያለባቸው ብዙ አገሮች አቅማቸውን አይተው፣ «ይህን እንግዛ፣ ይህን እንተው» ተባብለው ይወስናሉ። እኛ ዘንድ «እንተው» የሚል ድምፅ የለም። የሌለበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ መሣሪያውን የሚገዛው ሰው ሂሳቡን አይከፍልም። ሂሳቡ የሚደርሰው ወላይታ ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ሁምቦ ነው። እዚያ ያለው ከፋይ ግዢው ሲወሰን አልተጠየቀም፤ ሂሳቡ ሲደርሰውም የመሣሪያ ሂሳብ መሆኑ አይነገረውም። «የበጀት እጥረት» ይባላል።

ለሚወስነው ሰው ርካሽ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይበዛል። የዛሬ ክርክሬ ይኸው ነው።

የ2016 ሦስት ዜናዎች

በ2016 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ሆኑ። ለየብቻ ዘገብናቸው፣ ለየብቻ ረሳናቸው። እስኪ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

አንደኛ፤ ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንዷን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት «አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት እንጂ ገንዘብ አጥተን አይደለም» አለ። ይሁን። ስማችን ግን ዕዳቸውን በጊዜው ካልከፈሉ አገሮች መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ሁለተኛ፤ በወሩ፣ ጥር ላይ፣ አየር ኃይላችን ሱ-30 ተዋጊ ጄቶችና ድሮኖች መረከቡን በአደባባይ አበሰረ። ባንዲራው ተውለበለበ፣ ፎቶው ተሰራጨ፣ እኛም አጨበጨብን።

ሦስተኛ፤ በዚያው ዓመት በወላይታ ዞን መምህራን ደመወዛችን በጊዜውና በሙሉ አልተከፈለንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰነበቱ። ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሄደው ሜዳ ላይ ዋሉ። ይህ የወላይታ ብቻ ታሪክ አልነበረም፤ ሀዲያም ሌሎች የደቡብ አካባቢዎችም ተመሳሳይ ጩኸት አሰምተዋል።

«የወላይታ መምህር ደመወዝ ተወስዶ ጄት ተገዛ ልትል ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ሌባውን ለመያዝ በቀለለ ነበር። የደመወዙ መቋረጥ የራሱ መንገድ አለው፣ መንገዱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል።

ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ይወስዳል። ለብድሩ ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ማሳው በጠበበበት፣ ዝናቡ በሚዋዥቅበት እንደ ወላይታ ባለ አካባቢ ገበሬው ብዙ ጊዜ መመለስ ያቅተዋል። ከሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ወዲህ ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ። ያልተመለሰው ዕዳ ከክልሉ ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ክልሉ ለዞን ያወርደዋል፤ ዞኑ ለወረዳ። ወረዳውስ ለማን ያውርድ? የወረዳ በጀት ከራስ እስከ ጥፍሩ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ መምህሩና ጤና ባለሙያው ላይ ያርፋል። የአካባቢው አስተዳዳሪዎች ጥፋት የለባቸውም አልልም፤ ያላግባብ የተቀጠረውም የባከነውም ብዙ ነው። ግን በዚህ መሰላል ላይ ዕዳን ወደ ታች ማውረድ እንጂ ወደ ላይ መመለስ እንደማይቻል ልብ በሉ። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው።

አሁን ይህን መሰላል ከመሣሪያ ግዢ ጋር አስተያዩት። የማዳበሪያ ዕዳ ያልከፈለ ወረዳ ድጎማው ይቆረጣል። የጦርነት ወጪው ያበጠበት የፌዴራል መንግሥት ግን ምን ይቆረጥበታል? ምንም። ተጨማሪ በጀት ይጸድቅለታል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የ2014 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ገደማ ነው። የበጀት ዓመቱ እንደተጋመሰ ጥር ላይ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ከዚያ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። በአንድ ጀንበር በዓመቱ መጀመሪያ ከተያዘለት አራት እጥፍ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ786 ቢሊዮን ብር በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመደበ። በ2016 ዓ.ም. ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ወደ 50 ቢሊዮን ወረደ።

ይህን መውረድ አልደብቅም፤ እንዲያውም ዋናው ማስረጃዬ ነው። ወጪውን ያወረደው ምን ነበር? አዲስ መሣሪያ አይደለም። ጥቅምት 2015 መጨረሻ ላይ ቀጠሮ ይዘው ተቀምጠው የተፈራረሙት ወረቀት ነው። በአገራችን የቅርብ ታሪክ የመከላከያን በጀት እንደዚያ ወረቀት የቀነሰ ነገር የለም።

በእነዚያው ዓመታት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ምን ሆነ? በ2015 ዓ.ም. 209 ቢሊዮን ብር፣ በ2016 ዓ.ም. 214 ቢሊዮን። በመቶኛ ሲሰላ ከ3 በታች ጭማሪ ነው። ገበያው ላይ ደግሞ ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ገደማ እየናረ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጨምሯል፣ ኪሱ ውስጥ ግን ቀንሷል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ወላይታ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ታርጋ ተለጠፈላት፤ የሚከፋፈለው ቋት ግን ያው ነው፣ የሚቀመጥበት ወንበር በዛ እንጂ።

«የኢትዮጵያ የመከላከያ ወጪ ከአጠቃላይ ኢኮኖሚው ሲታይ ከጎረቤቶቿ ያነሰ ነው» የሚል ክርክርም አለ። በይፋዊው ቁጥር እውነት ነው። ነገር ግን በጀቱ ላይ በብር የምናየው አንድ ድምር ነው። ስንቱ ደመወዝና ቀለብ፣ ስንቱ መሣሪያ፣ ስንቱ በዶላር፣ ስንቱ በብድር እንደሆነ አይታይም። ጄትና ድሮን በብር አይገዛም። ማዳበሪያውም፣ መድኃኒቱም፣ ነዳጁም በዶላር ነው የሚመጣው። ሁሉም ከአንድ ቋት ይቀዳሉ፤ ተራ የሚይዙት ግን እኩል አይደለም።

ጎረቤትን መቅደም

ወደ ጎረቤት ክርክር እንመለስ። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለዚህ ክርክር ምቹ ናቸው። ጥቅምት 2016 የባሕር በር ጥያቄ በአደባባይ ተነሣ። ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት በሶማሊያ ላይ የነበረውን የመሣሪያ ማዕቀብ ሙሉ በሙሉ አነሳ። ታኅሣሥ ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረምን። ነሐሴ ላይ ግብፅና ሶማሊያ ወታደራዊ ስምምነት ተፈራረሙ፤ የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ወረደ። የካቲት 2017 እኛ የድሮን ፋብሪካ መረቅን። እያንዳንዱ እርምጃ ለሚቀጥለው ምክንያት ሆነ። ግብፅ የራሷን ሒሳብ በራሷ ምክንያት እንደምታሰላ አይጠፋኝም፤ በዓባይ ላይ ያላት አቋም ከእኛ ጄት በፊት የነበረ ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ እስከ ሞቃዲሾ ያለው ጥልፍልፍ የተጠላለፈው በእያንዳንዱ ዋና ከተማ «ቆይ እስኪ» የሚል ስለጠፋ ነው።

ይህን ፊልም ደግሞ አይተነዋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጫር ሁለቱም አገሮች ከዓለም ድሆች ተርታ ነበሩ። አስመራ ሚግ-29 ገዛች፣ አዲስ አበባ ሱ-27 ገዛች። ሻጩ ሰፈር አንድ ነው፤ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ፋብሪካ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። የጸጥታው ምክር ቤት በሁለቱም ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ የጣለው ግንቦት 1992 ላይ ነው፤ እልቂቱ ሊያበቃ ሲል። ከዚያ የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ፈረደ። በጦር ሜዳ አሸነፍን የምንል እኛ ነን፤ ካርታው ላይ ያጣነውም እኛ። ጄቶቹ የወሰኑት ነገር ቢኖር ስንት ሰው ይሙት የሚለውን ብቻ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሶማሊያና ኢትዮጵያ በኦጋዴን ተፋጁ። ሶማሊያ በሶቪየት መሣሪያ እስከ ጥርሷ ታጥቃ ነበር። ሶቪየት ወደ ደርግ ስትዞር በአየር ድልድይ ያጎረፈችልን መሣሪያ ዋጋ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ደርግ ከሰሃራ በታች ካሉት ትልቁን ሠራዊት እስከ መገንባት ደረሰ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን ወላይታንም ሲያረግፍ መሣሪያው መምጣቱን አላቆመም። መጨረሻውስ? ዚያድ ባሬ በጥር 1983፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም በግንቦት 1983 ከሥልጣን ወረዱ። በቀጣናው ከሁሉ በላይ የታጠቁት ሁለት መንግሥታት በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሱ። የጣላቸው የጎረቤት ጦር አልነበረም። ዕዳው ግን ተርፎ ለሚቀጥለው ትውልድ ደረሰ፤ ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችልን ከዓመታት በኋላ ነው።

ሱዳንን አሁን እያየናት ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ካርቱምን ያፈረሰው ወራሪ አይደለም። የሱዳን ሕዝብ ከፍሎ ያስታጠቃቸው ሁለት የገዛ ጦሮቹ ናቸው።

ዓድዋስ? ካዎ ጦናስ?

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራው ክርክር ሌላ ነው። «ጠመንጃ ባይኖር ዓድዋ ይኖር ነበር?» አይኖርም ነበር። ምኒልክ ለዓመታት ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ነጋዴዎች ጠመንጃ ሰብስበዋል። ባለቅኔው ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. 2,000 ገደማ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ መጥቶ ሸጦላቸዋል። በ1928ቱ ወረራ ዋዜማ ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ አንሸጥም ብለው በራችንን ሲዘጉ ምን እንደደረሰብን እናውቃለን። ያልታጠቀ አገር ይዋጣል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ይህን ከወላይታ በላይ የሚያውቅም የለም። ከዓድዋ ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ራሳቸው ወደ ወላይታ ዘመቱ። ቀደም ብለው የተላኩት ዘመቻዎች አልሠመሩም ነበር። የካዎ ጦና ሰዎች ጀግኖች ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው ግን በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነው። ከወዲያ በኩል ከአውሮፓ የተገዛ ጠመንጃ ነበር። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሃይም እልቂቱን በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፣ የወላይታ መንግሥትም አከተመ።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? አንዱ ወገን «ታጠቅ» የሚለውን ይማራል። እኔ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፦ ያ ጠመንጃ በምን ተገዛ? በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በቡና፣ በዝባድ። አብዛኛው ከደቡቡና ከምዕራቡ የወጣ ነው። ማለትም በዚያን ጊዜም ገዢው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ነበር። በዓድዋ ላይ ጣሊያንን የመለሰው ጠመንጃና ወላይታን የሰበረው ጠመንጃ ከአንድ ግምጃ ቤት ነው የወጣው። መሣሪያ በየት በኩል እንደሚዞር የሚወስነው አፈሙዙ አይደለም፤ ያዢውን የሚጠይቀው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይህ የጥንት ወሬ ነው ለሚሉ ነሐሴ 2012ን ላስታውስ። የክልልነት ጥያቄ ያነሱ የዞኑ መሪዎች ሲታሰሩ በሶዶና በቦዲቲ ሰው አደባባይ ወጣ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። ጥይቱ የተገዛው ከግብፅ ወይም ከኤርትራ ሊጠብቀን ነበር። የወደቀው ግን በገዛ ከፋዮቹ ላይ ነው።

ድሮኑ ያመጣው ርካሽነት

በፊት ጦርነት ለመሪ ውድ ነበር። እግረኛ መመልመል፣ ማሠልጠን፣ ማጓጓዝ፣ ለእናቶች መርዶ ማድረስ ነበረበት። አሁን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ድሮን ይገዛል፣ አብራሪው አይሞትም፣ መርዶው የሌላ ሰፈር ነው። ነሐሴ 2013 ከቱርክ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈረምን፤ ባይራክታር በሰሜኑ ጦርነት ላይ ዋለ። ሻጮቹም ተለውጠዋል። ዋሽንግተንና ሞስኮ ብቻ አይደሉም፤ አንካራ፣ አቡዳቢ፣ ቤጂንግና ቴህራን አሉ። ብዙ አይጠይቁም፣ ቶሎ ያደርሳሉ። ቀድሞ ሻጩ «ለምን ፈለግኸው?» ይል ነበር። ዛሬ ሻጩም አይጠይቅም፣ ምክር ቤቱም አይጠይቅም፣ ከፋዩም አያውቅም።

ርካሽ የተባለው ጦርነት ግን ለሌላው ርካሽ አልነበረም። በዚያው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣችን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ኩባንያ የነበረው ፒቪኤች ከዚያ በፊት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። እዚያ መስፌያ ማሽን ላይ ከነበሩት ልጃገረዶች መካከል የወላይታ ልጆች ነበሩበት። ይህ በየትኛው የመከላከያ በጀት መዝገብ ላይ ተጽፏል?

ምስጢር ለማን?

«የመከላከያ ጉዳይ ምስጢር ነው» ይባላል። የጄቱ የራዳር ዓይነት ምስጢር ይሁን። ዋጋው ግን ከማን ይደበቃል? ሻጩ ያውቀዋል፣ ደላላው ያውቀዋል፣ የጠላት ስለላም ሳያውቀው አይቀርም። የማያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

ምስጢር ምን እንደሚወልድ ከሜቴክ አይተናል። በመከላከያ ጥላ ሥር የነበረ ድርጅት ነው። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱ ከ37 ቢሊዮን ብር በላይ የሆነ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ይፋ ሲያደርግ አገር ጉድ አለ። ጉድ ያልነው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የገዛችው የመሣሪያ ጥቅል በሙስና የታወቀ ነው። ልዩነቱ ግን እዚያ ሕዝቡ ስንት መርከብ፣ ስንት ጄት፣ በስንት ራንድ እንደተገዛ ማወቁ ነው፤ ጉዳዩ የቀድሞ ፕሬዚዳንትን ሳይቀር ፍርድ ቤት አቁሟል። እኛ የምንከሰው ሰው አጥተን ሳይሆን የምንጠይቀው ቁጥር አጥተን ነው።

ምን ይደረግ?

ጦሩ ይበተን አላልኩም፣ አልልምም። የምለው ሦስት ነገር ነው።

1. የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የአገር መከላከያን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የመሣሪያ ግዢ፣ በዝግ ስብሰባም ቢሆን፣ ከውሉ በፊት በቋሚ ኮሚቴ ይታይ፤ ይጽደቅ ወይም ይጣል። የዓመቱ ጠቅላላ የመሣሪያ ወጪ በብርም በውጭ ምንዛሪም ተለይቶ ይነገረን።

2. ተጨማሪ በጀት ለመከላከያ ሲጠየቅ ከየት እንደሚቀነስ አብሮ ይቅረብ። «ይህን ያህል ድሮን፣ ስለዚህ ለክልሎች ድጎማ ይህን ያህል ያነሰ» ተብሎ በአንድ ገጽ ይጻፍ። እጅ የሚያወጣው ሁለቱንም አይቶ ያውጣ።

3. የማዳበሪያ ዕዳ ከደመወዝ በጀት ላይ እንዳይነሳ በሕግ ይከልከል። መምህሩ ማዳበሪያ አልተበደረም። ዕዳው የገበሬው የመክፈል አቅምና የማዳበሪያ ዋጋ ጥያቄ ነው፤ እዚያው ይፈታ።

እነዚህ ቢደረጉ መሣሪያ መግዛት አይቆምም። ግን ለሚወስነው ሰው ውድ ይሆናል። ውድ ሲሆን ደግሞ ድርድር ርካሽ ሆኖ ይታየዋል። ታኅሣሥ 2017 በአንካራ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰበት ስምምነት አንድም ጥይት አልጠየቀም፤ የዓመቱን ፍጥጫ ግን በአንድ ቀን አረገበ።

ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል። ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገሱባ የተመረጣችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ስለ መምህራኑ ደመወዝ ለክልሉ ደብዳቤ መጻፉ ብቻ አይበቃችሁም፤ ጥያቄውን ገንዘቡ የሚከፋፈልበት አዳራሽ ውስጥ አንሱት። እናንተም የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ ተወካያችሁን ስታገኙ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ባለፈው ዓመት ለመሣሪያ ግዢ ስንት የውጭ ምንዛሪ ወጣ? አንተስ ድምፅ ስትሰጥ ታውቀው ነበር?»

የሚሰጣችሁን መልስ እዚህ ሥር ጻፉልን። «አላውቅም» ካላችሁም እሱኑ ጻፉት።